ባዶ ቀስት አይለቀቅም

ሱቁ ድሮ ፀጉር ቤት ነበር። ወንበሮቹ ተጭነው ሲሄዱ ከዳር እስከ ዳር የሚደርሰው ትልቅ መስታወት ግድግዳው ላይ ቀረ። ባለ ቀስቱ ቤቱን ሲከራይ መስታወቱን አንስተን እንውሰድልህ ቢሉት እምቢ አለ። ደንበኛ ቀስት ስቦ ራሱን ሲያይ፣ ትከሻው ሰፍቶ አገጩ ቀና ብሎ ሲታየው፣ ያን ቀስት መልሶ መስቀል ያቅተዋል ባይ ነው። ልክ ነበር። ያ መስታወት ከሱ እኩል ሻጭ ሆኖ አገልግሏል። መስታወት ግን ሻጭና ገዢ አይለይም፤ ፊቱ የቆመውን ሁሉ ያሞኛል።

ባለ ቀስቱ ብሎ ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ከዚያ በፊት ጫማ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ጫማው የጠበበውን "ቆዳ ነው፣ ይለቃል" ብሎ፣ የሰፋውን "እግር መተንፈስ አለበት" ብሎ፣ ሁሉንም አስቆ የሚሸኝ ምላሰ ቅቤ ነው። ሚስቱ "አንተ እኮ ለዓሣ ጃንጥላ ትሸጣለህ" ትለዋለች። ክፉ ሰው አይደለም። ደስ የሚል ነገር ለመናገር ሲል እውነቱን ትንሽ ገፋ ማድረግ የለመደ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል።

አማቱ አናጢ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን አልጋና ወንበር ሲሠሩ ኖረው፣ የፋብሪካው ቺፕውድ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ወርክሾፓቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ገቡ። ሥራ የለመደ እጅ ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ያየ ያውቀዋል። የበሩን ማጠፊያ ዘይት ይቀባሉ፤ የማይነቃነቀው ጠረጴዛ እግር ሥር ሽብልቅ ይከታሉ፤ የሚጠገን ሲያልቅ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጉና መንገድ ያያሉ። ልጃቸው አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ደህናውን ሙቀጫ ሆን ብላ ሰነጠቀችው፤ የሚጠግኑት እንዲያገኙ ነው።

እንዲህ ባሉበት ጊዜ ነው የአንድ ስፖርት ክለብ አሰልጣኝ ጫማ ሊገዛ ገብቶ ብሶቱን ያወራው። ዒላማ የሚለማመዱት ወጣቶች ቀስት ስለሌላቸው በየተራ ቆመው እንደሚጠብቁ፣ ከውጭ የሚመጣውም የማይቀመስ እንደሆነ ተናገረ። ሌላ ሻጭ ቢሆን ጫማውን ጠቅልሎ ይሸኘው ነበር። የኛ ሰው ግን በረንዳው ላይ ሥራ ፈትተው የተቀመጡት እጆች ትዝ አሉት።

"አባባ፣ ቀስት ሠርተው ያውቃሉ?" አለ ማታ።

"ልጅ ሳለሁ፣ ወፍ ላባርርበት። ምነው፣ ዘመቻ አለ እንዴ?"

"ገበያ አለ።"

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ግን "እንጨቱ ምን ዓይነት ቢሆን ይሻላል?" ብለው ጠየቁ። ሱቁ የተከፈተው ያኔ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም።

የመጀመሪያው ቀስት ገና ሲለጠጥ ተሰበረ። ሁለተኛው እንደ አልጋ ቋሚ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ሽማግሌው ተናደዱ፤ ንዴታቸውም ወጣት አደረጋቸው። እንጨቱን በስሱ እየላጉ፣ ስሱን በስሱ ላይ በኮላ እየደረቡ፣ በሞርሳ አስረው እያሳደሩ፣ በመጨረሻ እሺ አሰኙት። ከዚያ ወዲህ በረንዳው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ። ከልጃቸው ቀድመው ይነሳሉ፣ ፀጉራቸው ላይ ፍቅፋቂ ይዘው ይመለሳሉ፣ ማዕድ ላይ ስለ እንጨት ዓይነት ያወራሉ። ልጃቸው ይሄን እያየች አንድ ቀን ባሏን ሰው ፊት ግንባሩን ሳመችው።

ሱቁ እንዲህ ነው። ከፊት ቀስቶቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ይሰቀላሉ፤ ፍላጻዎቹ ጃንጥላ ማስቀመጫ የነበረ ቆርቆሮ ውስጥ ይቆማሉ። ከጀርባ የሽማግሌው መሥሪያ ጠረጴዛ አለ። ከዚያ አልፎ በሁለት ግድግዳ መሃል የተወረወረ ረጅም ጠባብ ጓሮ አለ፤ ጫፉ ላይ ዒላማ የተለጠፈበት የገለባ ክምር። ደንበኛ እዚያ ወጥቶ ይሞክራል። ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ባለ ቀስቱ በራሱ እጅ በትልቁ የጻፈው ተሰቅሏል፤ "ባዶ ቀስት አይለቀቅም"።

ፍላጻ ያልተደገነበትን ቀስት ስቦ መልቀቅ በዚያ ቤት ከነውር ሁሉ ነውር ነው። ምክንያቱን ሽማግሌው ለገባው ሁሉ ያስረዳሉ። "ስትስበው ያጠራቀመውን ጉልበት ፍላጻዋ ይዛው ትሄዳለች። ፍላጻ ከሌለች የት ይሂድ? ተመልሶ እንጨቱን ይመታዋል። ያን ቀን ላይሰበር ይችላል። ውስጥ ውስጡን ተጎድቶ፣ አንድ ቀን ደህና ነኝ ብለህ ስትስበው ጉድ ይሠራሃል።" ባለ ቀስቱ ይሄን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል። ሽማግሌው በሌሉበት እሱው ነው የሚናገረው፤ እንዲያውም ከሳቸው አሳምሮ።

ከጎናቸው ያለው መድኃኒት ቤት የአንዲት ሴት ነው። መድኃኒተኛዋ ሱቋን ስትዘጋ ጎራ እያለች ጓሮው ውስጥ ትለማመድ ጀመር። "ከበሽተኛና ካስታማሚ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ አንድ ነገር መውጋት ያምረኛል" ትላለች። እጇ ጥሩ ሆነ። በመጨረሻ በልኬ የተሠራ ቀስት ይሁንልኝ አለች። ሽማግሌው የክንዷን ርዝመት ለኩ፣ እንጨቱን አገላብጠው መረጡ፣ አንዱን ስስ ላጉ፣ ጣሉት፣ ሌላ ላጉ። በብርጭቆ ወረቀት አሽተው አሽተው ሲጨርሱ ለአማቻቸው አሳዩትና "እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ለዚች መለማመጃ ነው" አሉ። ሰውየው ራሳቸውን ሲያመሰግኑ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ቀስቱ ባለቤቷን እየጠበቀ ተሰቀለ። በማግስቱ ከሰዓት አሰልጣኙ ለክለቡ የሚሆነውን ሊያዝ ይመጣል ተብሎ ነበር። ሽማግሌው ለምሳ ወደ ቤት ሄዱ፤ ባለ ቀስቱ ብቻውን ቀረ። እሱ ራሱ ዒላማ ላይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ግድግዳውን ከገለባው ይበልጥ ይመታል። ለአሰልጣኙ ግን አቋቋሙን ሊያሳይ አሰበ። የመድኃኒተኛዋን ቀስት አወረደ፣ ከሁሉ ያምር ስለነበር ነው። መስታወቱ ፊት ቆመ፣ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ደረቱን ነፋ፣ አውታሩን እስከ ጉንጩ ጎተተ። ፍላጻ አልደገነም። ለመስታወት ፍላጻ ምን ያደርጋል?

ያየውን ወደደው። ጫማ ሻጩ የለም፤ መስታወቱ ውስጥ የቆመው አንድ የጥንት ጦረኛ ነገር ነው። በጎን ታየ። አገጩን ትንሽ አነሳ። ዓይኑን ጠበብ አደረገ። እንዲህ ሲሽኮረመም ክንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀስ ብሎ ሊመልሰው ሲል ጣቶቹ ከዱት።

አውታሩ ቤቱን አናጋው። ከዚያ ጩኸት ሥር ሌላ ትንሽ ድምፅ ነበረች፤ ደረቅ ጭራሮ ራቅ ብሎ ሲረገጥ የምትሰማው ዓይነት። ሰማት። በኋላ ራሱን ብዙ ነገር አሳምኗል፤ ያቺን ድምፅ አልሰማሁም ብሎ ግን ማሳመን አልቻለም።

ቀስቱን ብርሃን ላይ አገላበጠ። በጣቱ ዳሰሰው፣ በጥፍሩ ፈለገ። ምንም የለም። መልሶ ሰቀለው። አሰልጣኙ ገባ፣ ወሬ ደራ፣ ሽማግሌው ከምሳ ተመለሱ። ሳይደርቅ በርጥቡ ይባላል። ያኔ ቢናገር ኖሮ ነገሩ የአንድ ቀስት ነገር ሆኖ ይቀር ነበር፤ ሽማግሌው ይቆጡታል፣ አንድ ሁለት ቀን ያኮርፉታል፣ ሌላ ይሠራሉ። እሱ ግን አፈረ። ተንሸራተተኝ ብሎ መናገሩ ቀላል ነበር፤ ከባዱ መስታወት ፊት ምን ትሠራ ነበር ተብሎ መጠየቁ ነው። ዝም አይነቅዝም አለ በልቡ። መድኃኒተኛዋ መጥታ ቀስቱን ስትረከብ "ክንድሽን እንጂ እንጨት የያዝሽ አይመስልሽም" ብሎ አስቆ ሸኛት።

ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው እንጨት ሠርቶ አያውቅም። ጥቂት ሳምንታት አለፉና፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ መድኃኒተኛዋ ጓሮው ውስጥ ሙሉውን ስባ ልትለቅ ስትል የቀስቱ የላይኛው ክንድ ተሰበረ። ስንጣሪው ቅንድቧን ቀደዳት። ደም ፊቷን ሲሸፍነው ዓይኗ የጠፋ መሰላቸው፤ ታጥቦ ሲታይ ዓይኗ ደህና ነው። ሁሉም ተነፈሱ። ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው ስባሪዎቹን ለቀሙ። የተላቀቀውን ስስ እንጨት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ኮላው አልያዘም" አሉ። "እኔ ነኝ። የሰው ዓይን ላጠፋ ነበር።"

ባለ ቀስቱ አፉን ከፈተ። ሁሉም ወደሱ ዞሩ። ከአፉ የወጣው ግን "አይዞዎት አባባ፣ እንጨት ነው፣ ያጋጥማል" የሚል ነበር። ሊያጽናናቸው ብሎ ጥፋቱን የሳቸው አደረገው። ይሄን ሲናገር ራሱ ሰማው፤ የሚገባበት ጠፋው።

ከዚያ ቀን በኋላ ሽማግሌው መላጊያ አልነኩም። ያለቀ አንድ ቀስት ብቻ ተሰቅሎ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም አትሽጠው አሉ። መላጊያና መጋዛቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ከተቱ። ወደ በረንዳው አልተመለሱም፤ ሱቁ ውስጥ ጥግ ይዘው ፍላጻ ላይ ላባ ይለጥፋሉ። ላባ ማንንም አያቆስልም ይላሉ። ባለ ቀስቱ ለክለቡ የፋብሪካ ቀስት አስመጣ። ሥራው እንዲያውም ደራ፤ ደንበኛው በዛ። ሰው ሲያመሰግነው ግን ወሬ ይለውጣል።

"አባዬ እጁን ሲያይ ነው የሚውለው" አለችው ሚስቱ። "ትናንት ጣቶቹን እየዘረጋ ይንቀጠቀጡ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይንቀጠቀጡም። አላመነኝም።"

ያኔ ነገራት። መስታወቱን፣ ሆዱን መሳቡን፣ ያቺን ትንሽ ድምፅ፣ ሁሉንም። ሚስቱ አልጮኸችም። እጇን ከእጁ ላይ አነሳችና "ለኔ ምን ያደርግልኛል? ለሱ ንገረው" አለች። "እስክትነግረው ድረስ እኔንም አታናግረኝ።"

በማግስቱ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ነገራቸው። ቆሞ፣ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ነው የነገራቸው። "አባባ፣ ቀስቷን የሰበርኳት እኔ ነኝ። ባዶዋን ለቅቄያታለሁ። እርስዎ ምሳ ሄደው ነበር።"

ሽማግሌው ላባውን አስቀመጡ። "ማን ነበር?"

"ማንም። ብቻዬን ነበርኩ።"

"ሰው ብቻውን ሆኖ ባዶ ቀስት ምን ብሎ ይስባል? ለማን ሊታይ?"

"ለመስታወቱ።"

ሽማግሌው መስታወቱን አዩ፤ አማቻቸውን አዩ፤ ከዚያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቀስቱ ከተሰበረ ወዲህ እንዲህ ስቀው አያውቁም። "ልጄ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "አንተ መቼም ለሰው ደስታ ስትል የማትለው የለህም። ትልቅ ሰው መስታወት ፊት! ከየት አመጣሃት? ተባረክ። ልጄ ደህና ሰው ነው ያገባችው።"

"እውነቴን ነው፣ አባባ።"

"እሺ፣ እውነትህን ነው" አሉ፤ ልጅ እንደሚያባብሉ።

ዕድሜውን በሙሉ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ ሸጧል፤ የሆነውን ሊሸጥ ሲወጣ ገዢ አጣ። ግራ ገባው። ሲጨንቀው የተረፈችውን ያቺን አንድ ቀስት ከግድግዳው አወረደ። "ተው!" ሲሉት ሳይሰማ፣ ባዶዋን እስከ ጉንጩ ስቦ ለቀቃት። እሷም ስትሰበር ያምኑኛል ብሎ ነው።

አልተሰበረችም። ያቺ ትንሽ ድምፅም አልተሰማችም። ሽማግሌው ነጥቀውት ቀስቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሷት፣ አጠፏት፣ ብርሃን ላይ አዩዋት። ሳቃቸው ጠፍቷል።

"አየህ?" አሉ ቀስ ብለው። "ደህና የተሠራ ቀስት ይሄን ይችላል። ያቺኛዋ ግን አልቻለችም።"

ለፍርድ የቆመ ሰው ራሱ ባመጣው ምስክር ይረታል ማለት እንዲህ ነው። ልዩነቱ፣ የተረቱት ሽማግሌው መሆናቸው ነው።

መድኃኒተኛዋ ጋ ሄደ። ቅንድቧ ላይ ጠባሳው ነጥቷል። ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ሲጀምር እጁን ያዘችው። "እንደዚህ እንደምትል አባባ ነግረውኛል" አለች። "ለሳቸው ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ያለ አማች ለሁሉም አይሰጥም።" ሽማግሌው ለካ ለደንበኛው ሁሉ ያወሩታል፤ ጥፋቴን ሊወስድልኝ ደህናውን ቀስት ሊሰብር የሞከረ ልጅ አለኝ ይላሉ። ሰው ገብቶ ባለ ቀስቱን ባዘኔታና በአክብሮት ያየዋል። ከስድብ የከፋ ነገር እንዳለ ያኔ ገባው።

ሚስቱ ብቻ አመነችው። ማነጋገሩን ግን አልጀመረችም፤ "ነገርከው እንጂ አላስረዳኸውም" አለች።

እንግዲህ የቀረው መንገድ አንድ መሰለው። ባዶዋን የተለቀቀች ቀስት ውስጥ ውስጡን ተጎድታ አንድ ቀን መሰበሯ አይቀርም፤ ይሄን ያሉት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ትሰበር። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ያቺን ቀስት ይዞ ጓሮ ይወጣና ፍላጻ ይወረውርባታል። ሚስቱ ቀስቷ ፊትህን ትመታሃለች ብላ በእህቷ በኩል ላከችበት። ትምታኝ አለ። መስታወት ባየ ቁጥር የመድኃኒተኛዋ ዓይነት ጠባሳ ቅንድቡ ላይ ቢያይ፣ ቢያንስ ፊቱ እውነቱን ይናገርለታል።

ቀስቷ አልተሰበረችም። ዝናብ አልፎ ሙቀት መጣ፤ አልተሰበረችም። አውታሯ አልቆ ተቀየረ፤ እሷ እንዳለች ናት። እሱ ግን ሳያስበው እጁ ተስተካከለ። ግድግዳውን መምታት ተወ፣ ገለባውን መታ፣ ከገለባው ዒላማውን፣ ከዒላማው መሃሉን። ደንበኞች ቀደም ብለው እየመጡ ያዩት ጀመር። ተሰበሪ እያለ በለቀቀ ቁጥር ያጨበጭቡለታል።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው የላባቸውን ሥራ ይዘው ጓሮው በር ላይ ተቀምጠው ያዩት ነበር። ፍላጻዋ መሃል ገባች።

"ደህና ናት ያቺ ቀስት" አሉ ተክዘው። "እሷን ስሠራ እጄ ገና ደህና ነበር።"

ባለ ቀስቱ ሌላ ፍላጻ እየደገነ ነበር። እጁ ቆመ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ተሰበሪ ሲላት የኖረውን ቀስት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ይመስል አያት።

"አባባ፣ ይቺን መቼ ነው የሠሯት?"

"መቼ ትለኛለህ እንዴ? ከድሮዎቹ ጋር ነዋ።"

"አይደለም። ከመድኃኒተኛዋ በኋላ ነው። የመድኃኒተኛዋን ጨርሰው፣ ተሰቅላ ካደረች በኋላ፣ ከሷ የተረፈውን እንጨት ይባክናል ብለው ነው ይቺን የሠሯት። የመጨረሻዋ እሷ ናት።"

ሽማግሌው ቀስቷን ተቀበሉት። አውራ ጣታቸው ስሶቹ የተገናኙበትን መስመር ተከትሎ ሄደ፤ እንጨቱን አወቁት። ያው አንድ ግንድ፣ ያው ኮላ፣ ያው እጅ።

"ታዲያ ያቺኛዋ ለምን ተሰበረች?" አሉ።

ባለ ቀስቱ አንዴ ነግሯቸዋል። ሽማግሌው ተነሱና ወደ ሱቁ ገቡ፤ ጽሑፉ ሥር፣ መስታወቱ ፊት ቆሙ። ቀና ብለው ጽሑፉን አነበቡ። መስታወቱ ውስጥ ከኋላቸው የአማቻቸው ፊት ይታያል፤ እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። አሁን አልሳቁም።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ" አሉ በመጨረሻ፣ "እጄን ሳይ አንተ ታየኝ ነበር።"

"አይዎት ነበር።"

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው የላባውን ትሪ ወደ ጎን ገፉት፤ ከላዩ ላይ ያለውን አቧራ በክንዳቸው ጠረጉ።

"መላጊያዬን አምጣ" አሉት። ሁልጊዜ የሚያስከትሏትን "ልጄ" ጠበቃት፤ አልመጣችም። ሣጥኑን ሊያወጣ ሄደ።